የአማት ዘፈን በባቻታ ምት፦ ምቱ፣ ቅኝቱ፣ ግጥሙ፣ ዘፋኙስ እንዴት ይሁን?

የጣና ዳር ባንድ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ባሕር ዳርና ዙሪያዋ የሠርግና የመልስ ሥራ እንሠራለን። ሊድ ጊታር፣ ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ድራምና አንድ ወንድ ዘፋኝ አለን፤ ክራርና ማሲንቆ የሚጫወቱ ልጆችም ሲያስፈልግ እንጠራለን። ለጥር ሠርግ በባቻታ (የዶሚኒካን ሪፐብሊክ የጊታር ሙዚቃ) ምት አንድ አስቂኝ የአማት ዘፈን ለማዘጋጀት ጀምረናል። ሙሽሮች ባቻታ አምጡ ማለት አብዝተዋል፤ የስፓኒሹን ስንጫወት ግን የሚስቅም የሚያለቅስም የለም፤ ቃሉ አይገባማ።

የተቸገርንባቸው እነዚህ ናቸው። ድራሙ ከጥቂት ባር በኋላ ወደ ጭክጭካ ይሄድብናል። ኪቦርዱና ድምፁ አንዳንድ ቦታ ላይ ይጋጫሉ፤ ዜማውን በባቲ ማይነር ነው የሠራነው፣ ኮርዱ ኤ ማይነር፣ ዲ ማይነር፣ ኢ ሰቨን ነው። ዘፋኙ ደግሞ ገና አስቂኙ ስንኝ ሳይደርስ ራሱ ይስቃል። ግጥሙ እስካሁን ይህ ነው፦

አማቴ ክፉ ናት ሁልጊዜ ትቆጣለች፣
ቤታችን እየመጣች ሁሉን ታዛለች።

ሳትራሩ ተናገሩ።

---

ስድስት ክር

ከምቱ ልጀምር፤ እሱ ካልተስተካከለ ሌላው ሁሉ ልፋት ነው።

ድራመሩን ብቻ አትውቀሱት። ግጥማችሁም ይጎትተዋል። የአማርኛ የወል ቤት ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም (የድምፅ ክፍለ ቃል) ሆኖ ለሁለት ይከፈላል፤ ስድስቱ ደግሞ ጭክጭካ ላይ ሳይጠሩት ሄዶ ይቀመጣል። ባቻታ በአራት የሚቆጠር ነው፣ እያንዳንዱ ምት ለሁለት እኩል ይከፈላል፣ ለሦስት አይከፈልም። ስለዚህ በአንድ ባር ውስጥ ስምንት ግማሽ ምት አላችሁ ማለት ነው። ስድስቱን ቀለም ከአንድ እስከ ሦስተኛው ምት ድረስ አስቀምጡና አራተኛውን ምት ባዶ ተዉት። የቦንጎው (በእጅ የሚመታ ጥንድ ትንሽ ከበሮ) ጠንካራ ምት የሚያርፈው እዚያው አራት ላይ ነው፤ ጨፋሪውም ሦስት እርምጃ ሄዶ እግሩን ነካ የሚያደርገው እዚያ ነው። ዘፋኙ አራት ላይ ቃል ካኖረ ቦንጎውንም ጨፋሪውንም ይረግጣቸዋል፣ ድራመሩም ግራ ገብቶት ወደሚያውቀው ቤቱ ይመለሳል። መጀመሪያ ደረቅ አድርጋችሁ ተለማመዱት። ከተያዘ በኋላ ዘፋኙ የመጀመሪያውን ቀለም ግማሽ ምት ቀደም ብሎ ቢያነሣው ወይም የመጨረሻውን ቢጎትተው ይፈቀድለታል፤ ካልሆነ ፊደል የሚቆጥር ተማሪ ይመስላል።

ፍጥነቱን በሜትሮኖም 128 ላይ ያዙት። አንድ ስንኝ 2 ባር፣ አንድ ባለሁለት ስንኝ ቤት 4 ባር ይወስዳል፤ ሰባት ሰከንድ ተኩል መሆኑ ነው። ለቀልድ በቂ ነው። 140 ከደረሳችሁ ሰው ይጨፍርላችኋል፣ ቃሉን ግን አይሰማም።

ቤዙ አንድ ላይ ይመታና ሁለትን አስረዝሞ ያሳልፋል፣ ከዚያ ሦስትና አራትን ይመታል። ይህን ካልያዘ ባቻታ አይባልም። ድራመሩ ኪኩን ይዝጋው፤ ጭክጭካን የሚጠራው የኪክ እግሩ ነው። የስኔሩን ሽቦ ያውርድና ትንሿን ቶም በጣት ወይም በቀጭን እንጨት እንደ ቦንጎ ይጫወታት፤ በግማሽ ምት እየሞላ አራትን ጠበቅ ያድርግ። በሃይ ሃት ፋንታ የሚያስፈልገው ጊራ ነው፤ ጊራ ማለት ቀዳዳ ቀዳዳ የተበሳ የቆርቆሮ ቱቦ ሆኖ በሽቦ መፋቂያ የሚፋቅ ነው። ከሌላችሁ ካሮት የሚፈቀፈቅበትን ቆርቆሮ በሹካ ፋቁ፤ በየምቱ አንድ ረዘም ያለ፣ ሁለት አጠር ያለ። ጸናጽል እንዳታመጡ ብቻ። የድምፁ ጉዳይ አይደለም፣ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ በአማት ዘፈን ሲንኮሻኮሽ ዳሱ ውስጥ ያሉት ቄሶች ዝም አይሉም።

ሊድ ጊታሩ ኮርድ አይግረፍ። ክሩን አንድ በአንድ እየነቀለ ይጫወት፤ ካፖ (ክሮቹን አንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) ሦስተኛው ወይም አምስተኛው ፍሬት ላይ ቢያደርግ ድምፁ ይቀጥንና ከኪቦርዱ ይለያል። ስንኙ ሲያልቅ የሚመልሰው እሱ ነው።

አሁን ግጭቱ። ባቲ ማይነር ከኤ ሲነሣ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ነው። ኢ ሰቨን ውስጥ ያለው ደግሞ ጂ ሻርፕ ነው። ዘፋኙ ጂ ላይ ቆሞ ኪቦርዱ ኢ ሰቨን ሲይዝ የምትሰሙት ጩኸት እሱ ነው፤ ኪቦርዱን ማስጠገን አያስፈልግም። ሁለት መውጫ አለ። ባቲን ከወደዳችሁት ኢ ሰቨንን ተዉና ኢ ማይነር ወይም ጂ ያዙ፤ ያን ጊዜ ግን የባቻታው ለቅሶ ይቀንሳል። እኔን ከጠየቃችሁ ዜማውን ወደ ትዝታ ማይነር አዙሩት፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ። እዚህ ውስጥ ጂ የሚባል ነገር ስለሌለ ኢ ሰቨን ማንንም አይነካም፤ ኢ እና ቢ የጋራ ናቸው። ለዲ ማይነርም ኤፍና ኤ አላችሁ። ክራሩን በዚሁ ከቃኛችሁት አምስቱ ክር አምስቱን ድምፅ፣ ስድስተኛው የኤውን ኦክታቭ ይይዛል፤ ዲ የለውም፣ እሱን ቤዙ ይሞላዋል።

አንቺሆዬን፣ የሠርግ ቅኝት ነው ብላችሁ እንዳትሞክሩት። ከኤ ሲነሣ ኢ ፍላት ይገባበታል፤ ከኤ ማይነር ኮርድ ጋር ሌሊቱን ሙሉ ይጣላሉ።

---

የዋሸራው

ምቱን ወንድማችን ጨርሶታል፤ እኔ ወደ ግጥሙ።

ያቀረባችሁት ስሞታ ነው፣ ለሽማግሌ የሚነገር። «ክፉ ናት» ስትሉ ሰሚው የሚያየው ነገር የለም። ሁለተኛው ስንኝም ያንኑ ደገመው። ቀለሙም አልተቆጠረም፦ «ሁልጊዜ ትቆጣለች» ሰባት ነው፣ «ሁሉን ታዛለች» አምስት። አንዱን አማት በአንድ ዕቃ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ምግብ ያዟት። ለምሳሌ፦

ለሰንበት መጣሁ ብላ የገባችው፣
ሁዳዴን ከእኛ ጋር ጾማ ጨረሰችው።

ስድስት በስድስት ነው፤ ክፉ የሚል ቃል የለበትም። ሰንበትን ብላ መጥታ 55 ቀን! ሒሳቡን ሰሚው ራሱ ይሠራዋል፣ ሳቁም ከዚያ ነው የሚመጣው። ለጥር ሠርግ ደግሞ ሁዳዴ ከፊት ስላለ ወቅቱም ይገጥማል።

ሌላው የዶሮ ነገር ነው። ምራት የምትፈተነው ዶሮ ላይ መሆኑን ጎጃም ውስጥ የማያውቅ የለም፦

አሥራ ሁለት ብልት ቆጥራ ተቀብላ፣
አሥራ ሦስተኛውን አምጪ አለች ኋላ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። «ብልት» የሚለውን ቃል ዘፋኙ ጎተት አድርጎ ዓይኑን ከጠቀሰ ዘፈኑ ወዲያው ሌላ ዘፈን ይሆናል። አዝማሪ ቤት ያዋጣል፣ የሙሽራዋ አባት ባሉበት ግን ቶሎ ብላችሁ እለፉት።

ሰምና ወርቅ ካማራችሁ ቃሉ እጃችሁ ላይ ነው ያለው። «አማች» ላልቶ ሲነበብ የጋብቻ ዘመድ ነው፤ «ማ» ጠብቆ ሲነበብ ሰው አማች፣ ሐሜት ነው። ስለዚህ፦

ሽማግሌ ስልክ በደስታ ተስማማች፣
ጎረቤት ሰብስባ ቡና አፍልታ አማች።

መጀመሪያ ሲዘፈን «ቡና አፍልታ» ካለ በኋላ ሁሉም መሣሪያ ይቁም፤ ሁለት ምት ዝም። ከዚያ ዘፋኙ «አማች!» ይበል፣ አላልቶ፣ እሷ በሩ ላይ ቆማ ለቡና የምትጠራው አስመስሎ። ሰሚው ደግ አማት ናት ብሎ ያልፋል። ቤቱን ሲደግመው ሳይቆም፣ «ማ»ን አጥብቆ ይዝፈነው። ያን ጊዜ ነው ዳሱ የሚነቃው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ወርቁ ቀድሞ ይወጣና ሰሙን የሚሰማ ይጠፋል። የሚበላሽበትም ቦታ አለ፦ ዘፋኙ በመጀመሪያው ዙር «ማ» ላይ ድምፁን ካስረዘመ ጆሮ ጠብቆ ይሰማዋል። አጭር፣ ቁርጥ ይበል። የማስረዘሙን ሥራ ለማሲንቆው ተዉለት።

አዝማቹን ቀላል አድርጉት፣ ያልሰከረም የሰከረም የሚቀበለው፦

እማማ ልሸኝዎ፣ ባጃጁ ቆሟል!

ተቀባዩ «ቆሟል፣ ቆሟል!» ይላል። «ልሸኝሽ» እንዳትሉ። ሳቁ ያለው እርስዎ ብሎ አክብሮ ከቤት ማስወጣቱ ላይ ነው።

---

የጣና ዳር ባንድ

እግዜር ይስጥልን። ትዝታ ማይነሩን ሞከርነው፣ ግጭቱ ጠፋ። ግን ዘፋኛችን «በትዝታ አስቂኝ ዘፈን አይሆንም፣ ሰው ያዝናል» ብሎ ቆመ። ምን እንበለው?

---

ቀዳማይ

ይዘኑ በሉት። ባቻታ የሚያስቀው እንደዚያ ነው።

ይህ ሙዚቃ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ የድሃ ሰፈርና የመጠጥ ቤት ዘፈን ሆኖ ነው ያደገው። አምባገነኑ ትሩሂዮ በፈረንጅ 1961 ከተገደለ በኋላ፣ በ1962፣ ሆሴ ማኑኤል ካልዴሮን የመጀመሪያ የሚባሉትን የባቻታ ሸክላዎች አስቀረጸ። ዘመን ቆይቶም ጨዋ የሚባለው ሰው ቤቱ አያስገባውም ነበር፤ አዝማሪን እንደምንንቀው እንደኛው። ዘፈኑ የተካደ ወንድ ለቅሶ ነው፤ ድምፁ ቀጭን፣ ወደ አፍንጫ የሚሄድ፣ ሊሰበር የደረሰ። ቀልዱና ባለሁለት ትርጉሙ ግጥም የመጣው እዚያው መጠጥ ቤት ውስጥ፣ በዚያው የለቅሶ ድምፅ ላይ ተደርቦ ነው። ዘፋኙ ድምፁን ለቀልዱ ብሎ አልቀየረም።

ብላስ ዱራንን አድምጡት። በ1987 የኤሌክትሪክ ጊታር አስገብቶ፣ ፍጥነቱን ወደ ሜሬንጌ (ፈጠን ያለው ሌላው የዶሚኒካን ጭፈራ) አስጠግቶ፣ ለሴቶች ምክር የሚሰጥበትን ዘፈን ያወጣ ሰውዬ ነው። ቀልዱን የሚናገረው እንደ ቁም ነገር ነው፣ የእውነት ምክር እንደሚሰጥ ሰው። በስንኝና በስንኝ መካከል ለባንዱ ጣል የሚያደርጋት የንግግር ቃል አለች፤ ጨዋታዋ ያለችው እዚያ ነው እንጂ ዜማው ላይ አይደለም። ሁዋን ሉዊስ ጌራ በ1990 ባቻታን ወደ ትልቁ አዳራሽ ሲያስገባው ግጥሙም ድምፁም ለስልሷል። በጣም ያማረ ነው፣ ለአማት ዘፈን ግን መምህራችሁ እሱ አይሁን። ዩኔስኮ በ2019 የመዘገበው ባቻታ ሁለቱንም ያቀፈ ነው።

ወደ ዘፋኛችሁ ልመለስ። የሚስቀው አስቂኙ ቦታ እየመጣ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው፤ ዓይኑ ሰው ላይ ስላለ ደግሞ ይብስበታል። ዓይኑን ከሰው ራስ በላይ አንድ ቦታ ላይ ይትከል። የመጨረሻውን ቃል ሊል ሲል አየር አይሳብ፣ ትንፋሽ የሳበ ሰው ይስቃል፤ አየሩን ከስንኙ አጋማሽ፣ ከስድስተኛው ቀለም በኋላ ባለችው ባዶ አራተኛ ምት ላይ ይሳብ። «ባጃጁ ቆሟል» ሲል እንባ እየተናነቀው ይበለው። እሱ ባዘነ ቁጥር ሰው ይስቃል።

የንግግሯ ቃል ከሁለት አትብለጥ። ጊታሪስቱን «አንተም አለችህ እንዴ?» ብሎ ይጠይቀው፣ ጊታሩ በአራት ድምፅ ይመልስ፣ በቃ። ከዚያ በላይ ከሄደ የቴሌቪዥን ድራማ ይሆናል።

---

ዳስና ድንኳን

የወንዶቹ ምክር ጥሩ ነው፣ ግን ዘፈኑን የምትዘፍኑት አማቲቱ ፊት ለፊት በተቀመጠችበት መሆኑን ረስታችሁታል።

አንደኛ፣ መጀመሪያ የሚሰደበው ሙሽራው ይሁን። ራሱን ያላማ ሰው ሌላውን ሲያማ ያስጠላል። ይችን ልስጣችሁ፦

ሚስቴ ውኃ ቅዳ ስትለኝ አሞኛል፣
አማቴ ስትመጣ ጄሪካን ያምረኛል።

ይህ ከተዘፈነ በኋላ የሰንበቷንም የዶሮዋንም ማምጣት ይቻላል። እሷም ቀድማ ስቃለች።

ሁለተኛ፣ የሠርጉ ቀን አትዝፈኑት። የሠርጉ ቀን የሙሽራዋ እናት ልጇን የምትሸኝበት ቀን ነው፤ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ «ልሸኝዎ» ብትሏት አትስቅም። የመልስ ቀን ይሁን፤ ምግብ ከተነሣ፣ ምርቃቱ ካበቃ፣ ቄሶቹም ከወጡ በኋላ። ከዚያ በፊት ሚዜው ለሁለቱም ቤት ግጥሙን ያስነብብ። የሰው ስም፣ የመንደር ስም አይጠራ። ልጅ መውለድን፣ ሕመምን፣ ጥሎሽ አነሰ በዛን አትንኩ፤ እነዚህ ቀልድ ሳይሆን እውነተኛ ጠብ ያለባቸው ናቸው፣ ከዳሱ ወጥተው ሽማግሌ ፊት ይደርሳሉ።

ሦስተኛ፣ የቡናዋን ቤት እኔ አልወደድኳትም። ሥራዋ ጥሩ ነው፣ ግን ጎረቤቶቿም እዚያው ዳስ ውስጥ ናቸው። አማቲቱን ብቻ ሳይሆን ቡና የጠጡትን ሁሉ ሐሜተኛ አደረጋችኋቸው።

---

የዋሸራው

እህቴ፣ ጎረቤቶቹ ናቸው እኮ ከሁሉ ይበልጥ የሚስቁት! ሐሜት ለብቻ ሲሆን ነው የሚያሳፍረው። ስለ ቀኑ ግን ትክክል ነሽ፣ የመልስ ይሁን። ቤቷን ማውጣት ካልፈለጋችሁ «ጎረቤት ሰብስባ» በሚለው ፋንታ «ብቻዋን ቁጭ ብላ» በሉት፤ ስድስት ቀለም ይሞላል። ብቻዋን ቡና አፍልታ ማንን እንዳማች ሰሚው ይፈልግ።

---

ዳስና ድንኳን

ለብቻ ቡና የሚፈላበት ቤት ጎጃም ውስጥ አሳየኝና እቀበልሃለሁ። እኔ አሁንም አውጧት ባይ ነኝ።

---

ሚክሰር

ስለ ድምፅ ማንም ስላላነሣ ጥቂት ልጨምር።

የቀልድ ዘፈን ቃሉ ካልተሰማ ምንም አይደለም። የድምፁን ሪቨርብ (የአዳራሽ ዓይነት ማስተጋቢያ) ከአንድ ሰከንድ በታች አድርጉ፣ ኤኮውን ጨርሳችሁ ዝጉት። ኤኮ ሲኖር «አማች» ላላ ጠበቀ የሚባለው ልዩነት ሁሉ ድምጥማጡ ይጠፋል። የዘፋኙን ማይክ ዝቅተኛ ድምፅ ከ100 ኸርዝ በታች ቁረጡት፣ የድንኳን ሸራ ሲርገበገብ የሚያመጣው ጉርምርምታ አብሮ ይወጣል።

ያ የካሮት መፈቅፈቂያ ቆርቆሮ ማይክ ቢጠጋው ጆሮ ይበሳል። ክንድ ያህል አርቁት፣ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ኸርዝ ያለውን ትንሽ ቀንሱ። ማሲንቆና የወንድ ድምፅ አንድ መንገድ ላይ ይሄዳሉ፤ አብረው ከተጫወቱ ቃሉን ይሸፍነዋል። ማሲንቆው ስንኙ ካለቀ በኋላ ብቻ ይግባ፣ ዘፋኙ ያቆመበትን ድምፅ ይዞ ያልቅስለት። ኪቦርዱ የቫዮሊን ድምፅ እንዲይዝ አትፍቀዱ፣ ማሲንቆ ካለ ትርፍ ነው። ፓዱን (ከኋላ ተዘርግቶ የሚቆየውን የኪቦርድ ድምፅ) ዝጉና ፒያኖ በስሱ፣ ወይም ደግሞ ዝም።

የኤሌክትሪክ ክራር ካላችሁ ተጫዋቹን ከስፒከሩ ጎን እንጂ ፊት ለፊት አታስቀምጡት፣ ሳጥኑ ድምፁን መልሶ እየተቀበለ ይጮኽባችኋል።

---

ስድስት ክር

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፣ «ተቀበል» የሚባለው። አዝማቹ ሁለተኛ ጊዜ ካለቀ በኋላ ዘፈኑን አትዝጉት። ኤ ማይነር ላይ ቁሙ፣ ቤዙና ቦንጎው ብቻ ይቀጥሉ፤ ዘፋኙ ማይኩን ወደ ሰው ይዘርጋ። ግጥም ያለው ሰው ይሰጣል፣ ዘፋኙ ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። ለሰጪው 4 ባር ይበቃዋል። እንግዳ ሰው ሲሰጥ ስድስት ቀለም ላይቆጥር ይችላል፤ ዘፋኙ ሲቀበል አሳጥሮ ወይም አስረዝሞ ያስተካክለው እንጂ እንዳለ እንዳይደግመው፣ ምቱ እዚያ ላይ ነው የሚሰበረው። ሽልማት የሚለጠፈውም በዚህ ሰዓት ስለሆነ ጊታሩ ወደ አዝማቹ የሚመልሳቸውን አንድ የታወቀች ባለ 2 ባር ምልክት ይኑረው። ዘፋኙ ብር ግንባሩ ላይ እየተለጠፈለት ባር አይቆጥርም።

የመጀመሪያውን «ተቀበል» ደግሞ ለአማቲቱ ስጧት። ሚዜው ቀድሞ ይንገራት፣ ትዘጋጅ። ጎጃም ውስጥ ግጥም አጥታ ዝም የምትል እናት አትገጥማችሁም፤ ሙሽራውን አፈር ድሜ አስግጣው ትቀመጣለች።